ከዛፍ ቆረጣ የሚተርፈው እንጨት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዛፍ ተቆርጦ፣ ግንዱ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ደኑ ውስጥ የሚቀረውን ዝብርቅርቅ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ፣ ጫፍ፣ ልጥ፣ የተሰነጠቀ ግንድ፤ መራመጃ እንኳ የለም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ሐሳብ ብቻ ነው የሚመጣለት። ወይ «አቃጥለን እንገላገለው»፣ ወይ «ጠራርገን እንሽጠው»። የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ መጀመሪያ ደኑ የሚያስፈልገውን ይውሰድ፣ ከዚያ የተረፈው ለሰው ይሁን፣ እሳት ደግሞ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ለመሆኑ የሚተርፈው ምን ምኑ ነው? ብዛቱስ?

የዛፉ ጫፍ፣ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉ፣ ጉቶው፣ ሲወድቅ የተሰበረው ወይም ውስጡ የበሰበሰው ግንድ ነው። ደን ሲሳሳ የሚቆረጠው፣ ለጣውላ የማይበቃው ቀጭን ዛፍም እዚሁ ይቆጠራል።

ብዛቱ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። ቀጥ ብሎ የሚያድግ ጥድ መሰል ዛፍ ከመሬት በላይ ካለው ክብደቱ ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ የሚሆነው ቅርንጫፍና ጫፍ ነው። ቅርንጫፉን በሰፊው የሚዘረጋ የሞቃት አካባቢ ዛፍ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ከተቆረጠው እንጨት ግማሽ የሚጠጋው እዚያው ወድቆ ሊቀር ይችላል። ይህ ገና ጫካው ውስጥ ያለው ነው። ግንዱ መሰንጠቂያ ሲደርስ ደግሞ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ግማሹ ገደማ ሲሆን ቀሪው ሰጋቱራ፣ ልጥና ቁርጥራጭ ይሆናል።

ጠራርጎ ማውጣቱ ምን ክፋት አለው? ደኑም ይጸዳል!

ደን እንደ ሳሎን አይጸዳም። ዛፉ ከአፈር የሳበው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በሁሉም ክፍሉ እኩል አልተከፋፈለም። ግንዱ በአብዛኛው ካርቦን ነው። ምግቡ ያለው ቅጠሉ፣ ቀንበጡና ልጡ ላይ ነው። ስለዚህ ግንዱን ብቻ መውሰድ ትታችሁ ዛፉን ከነቅርንጫፉ ስትወስዱ፣ ያገኛችሁት ተጨማሪ እንጨት ትንሽ ሆኖ ከአፈሩ የወሰዳችሁት ምግብ ግን ብዙ ይሆናል። ለም አፈር ላይ ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ ላይታይ ይችላል። አሸዋማና ስስ አፈር ላይ ግን ቀጥሎ የሚተከለው ችግኝ ላይ ይታያል፤ እድገቱ ይጎተታል።

ሌላው ነገር ደግሞ ነዋሪዎቹ ናቸው። የሞተ እንጨት ላይ የሚኖረው ፍጥረት ብዛት ይገርማል። ፊንላንድ ውስጥ ብቻ ከ4,000 እስከ 5,000 የሚሆኑ ዝርያዎች፣ ማለትም ከአገሪቱ የደን ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርሱት፣ ኑሯቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። አብዛኞቹ ጥንዚዛና ፈንገስ ናቸው፤ ሰው ዞር ብሎ የማያያቸው። ግን እንጨቱን አብስብሰው ወደ አፈር የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ከዚህ በተጨማሪ መሬቱ ላይ የተነጠፈ ቅርንጫፍ ዝናብ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ይከለክላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ከባድ ማሽን የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ አንጥፉለት። በሰሜን አውሮፓ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ ጎማው አፈሩን ጨፍልቆ እንዳያደድረው ያግዛል።

ታዲያ ምን ያህሉን ልተው?

ለሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። መነሻ ግን አለ። የፊንላንድ መመሪያ ቢያንስ 30 በመቶው ቅርንጫፍና ጫፍ እዚያው እንዲቀር ይመክራል፤ የስዊድኑ 20 በመቶ ይላል። መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ አፈሩ ስስ ከሆነ ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ ከዚያ በላይ ተዉ። አፈሩ በጣም ደካማ ከሆነማ ጭራሽ ባትነኩት ይሻላል።

ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ መጠኑ ይጨቃጨቃል እንጂ የቱ ይቅር የሚለውን ብዙም አያነሳውም። ተዉ የምላችሁ ሁለት ነገር ነው፦ ቅጠልና ቀንበጡን፣ እንዲሁም ወድቆ የቆየውን ወፍራም ግንድ። የመጀመሪያው ለአፈሩ፣ ሁለተኛው ለነዋሪዎቹ። መሃል ያለው፣ ክንድ የሚያክለው ቅርንጫፍ፣ ለእናንተ።

ቅጠሉን በምን እንለየው ብላችሁ አትጨነቁ። ቅርንጫፉን አንድ ደረቅ ወቅት በተቆረጠበት ቦታ በተን አድርጋችሁ ተዉት። ቅጠሉ ራሱ ይረግፋል፣ እንጨቱም ይደርቃል፣ ስትጭኑትም ይቀልላችኋል። ከዚህ የረከሰ ዘዴ አላውቅም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ገና ከመጀመሪያው ትልቅ ክምር እንዳታደርጉት ነው። ያኔ ቅጠሉ ሁሉ አንድ ቦታ ይረግፍና ሌላው መሬት ባዶውን ይቀራል።

እንግዲያውስ ሁሉንም ብተወውስ? ደኑ ራሱ ያውቅበት የለ?

ያልተነካ ደን ከሆነ አዎ፣ ያውቅበታል። ግን ቆረጣ በአንድ ሳምንት የሚጥለው እንጨት ተፈጥሮ በብዙ ዓመት የምትጥለውን ያህል ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከመር ጣጣ ያመጣል።

አንደኛው እሳት ነው። ቀጭን ደረቅ ቅርንጫፍ ቶሎ ይያዛል፣ እሳቱንም ወደቆሙት ዛፎች ይወስደዋል። ሁለተኛው ተባይ ነው። ልጥ ሥር የሚራቡ ጥንዚዛዎች ትኩስና ወፈር ያለ ግንድ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ስዊድን ውስጥ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን እንጨት ጣለ። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት ጥንዚዛው ተራብቶ የቆመውን ዛፍ ጭምር ገደለ። ያ የነፋስ ሥራ ነው፤ ለጥንዚዛው ግን ነፋስ ጣለው መጋዝ ጣለው ልዩነት የለውም። ስለዚህ ልጡ ያልተላጠ ወፍራም ትኩስ ግንድ ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት ይነሳ ወይም ይላጥ። ቀጫጭኑ ቶሎ ስለሚደርቅ ያን ያህል አያሰጋም።

ሦስተኛው ጎርፍ ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ጊዝበርን በሚባለው አካባቢ ገደላማና አፈሩ የሚናድ ኮረብታ ላይ የተተከለ ጥድ በሰፊው ተቆርጦ ተረፈ እንጨቱ ተዳፋቱ ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ቶላጋ ቤይ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ፤ ግንዱና ቅርንጫፉ ከጭቃ ጋር ተጠራርጎ እርሻና ባህር ዳርቻ ላይ ተከመረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ጋብሪኤል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ያው ነገር ተደገመ፣ እንዲያውም በባሰ ሁኔታ። እንጨቱ ድልድይ ሥር እየተቀረቀረ ውሃውን ገደበው። መንግሥት ከዚያ በኋላ የመሬት አጠቃቀሙን የሚመረምር ቡድን እስከማቋቋም ደርሷል።

እና ተዳፋት ላይ «ለአፈሩ ይጠቅማል» ብሎ ዝም ብሎ መተው አይሆንም። ቀጭኑን ከተዳፋቱ አግድም ረድፍ በረድፍ አድርጉት፣ በካስማ ይያዝ። ወፍራሙን ከውሃ መውረጃ አርቁት። ሸለቆ ውስጥ ምንም ግንድ አይቅር።

እዚያው ማቃጠሉ አይቀልም?

ይቀላል። ለዚያም ነው ካናዳና አሜሪካን ጨምሮ ብዙ ቦታ እስካሁን ክምሩን የሚያቃጥሉት። ለእሳት በሚጋለጥ አካባቢ፣ መንገድ በማይደርስበት ተራራ ላይ፣ ሌላ መፍትሔ ላይኖር ይችላል፤ አልፈርድም። ግን ክምር ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፣ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ከክምሩ ሥር ያለው አፈርም በሙቀቱ ስለሚጎዳ ለዓመታት ብዙ ነገር ላይበቅልበት ይችላል። የግድ ከሆነ ክምሩን ትንንሽ አድርጉት፣ ይድረቅ፣ እርጥበት ባለበት ወቅት ይቃጠል።

የቱን እንጨት ለምን ላውለው?

መርሁ ቀላል ነው። እንጨቱ እንጨት ሆኖ ሊያገለግል የሚችል ከሆነ አታንድዱት። አንዴ ከነደደ አለቀ። ጣውላ፣ ከዚያ ቺፕውድ (ፍርፋሪው በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ)፣ መጨረሻ ላይ ማገዶ ሲሆን ግን ያው እንጨት ሦስት ጊዜ ሠራ ማለት ነው።

ሜትር የማይሞላ ደህና ቁራጭ ጫፍና ጫፉ እንደ ጣት እየተጠላለፈ በሙጫ ይቀጠልና ረጅም ጣውላ ይወጣዋል፤ በርና መስኮት የሚሠሩ ብዙ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት እንዲህ ያለውን ነው። ቀጥ ያለ ቀጭን ግንድ ለአጥር፣ ለአጣና፣ ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል። ጠማማውና ቋጠሮ የበዛበት ለቅርጻ ቅርጽና ለዕቃ ሠሪዎች፤ አንዳንዴ ከቀጥተኛው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣ አለ። ቀጭኑና ቁርጥራጩ ተፈጭቶ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ የሚባለው ሰሌዳ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ያለፈው ለማገዶ።

ይህ የኔ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያሻሻለው የታዳሽ ኃይል ሕግ ለጣውላ የሚሆን ግንድ፣ ጉቶና ሥር ለኃይል ማመንጫ ሲቃጠል አባል አገሮች ቀጥተኛ የገንዘብ ድጋፍ እንዳይሰጡ ይከለክላል።

ለማገዶ ከሆነ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

መድረቁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ኪሎ እንጨት ከ8 እስከ 9 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ግን ያው አንድ ኪሎ ከ14 እስከ 15 ሜጋጁል ይሰጣል። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው ውሃ እያፈላ ነው፤ ጭሱ ደግሞ ጉርሻ ነው። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ላዩን ብቻ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ጎኑን አትሸፍኑ።

ፔሌት ልሥራ ወይስ ቺፕ?

ፔሌት ሲባል ሁሉም ይጓጓል። የእንጨት ዱቄት ተጨምቆ የሚሠራ ትንሽ ድፍን ማገዶ ነው፤ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖረዋል፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ አይበልጥም፣ አንድ ሜትር ኩቡ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ተራ ቺፕ፣ ማለትም በማሽን የተከታተፈ እንጨት፣ ግን በሜትር ኩብ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አመዱ ነው። ለቤት ምድጃ የሚሸጠው አንደኛ ደረጃ ፔሌት አመዱ ከ0.7 በመቶ እንዳያልፍ ደረጃው ያስገድዳል። ከደን የሚለቀም ቅርንጫፍ ልጥ ይበዛበታል፣ አፈርም ይነካዋል፤ አመዱ በቀላሉ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለፔሌት የሚሻለው ንጹሕ የመሰንጠቂያ ሰጋቱራ ነው። ቅርንጫፉን ግን ለትልልቅ ማሞቂያና ቦይለር በቺፕ መልክ ስጡት፤ እነሱ አመድ ይችላሉ።

በነገራችን ላይ መኪናም በእንጨት ሄዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋ አውሮፓ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተሽከርካሪዎች፣ እንጨት በተገጠመላቸው ምድጃ ውስጥ ሲግል በሚወጣው ጋዝ ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤንዚኑ ተመለሰ፤ አይገርምም፣ ምድጃ ተሸክሞ መንዳት ማንን ደስ ይለዋል?

ያዋጣል ወይ?

ርቀቱ ይወስነዋል። ቅርንጫፍ ስትጭኑ አብዛኛው አየር ነው። ጭነቱ ሲሞላ ክብደቱ ገና ነው። ለዚህ ነው መንገድ ዳር ላይ መፍጨት ወይም በማሽን ጨምቆ ማሰር የተለመደው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቺፕ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ካለፈ ትርፉን መኪናው ይበላዋል። ገዢው ቅርብ ካልሆነ እዚያው አካባቢ የሚሠራ ነገር ፈልጉ።

ከሰል ወይም ባዮቻር ባደርገውስ?

ከሰል የማክሰያው ዘዴ ነገር ነው። በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ቢወጣ ነው። በደህና ምድጃ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ማለትም ዘዴውን በማሻሻል ብቻ ያው ከሰል በግማሽ እንጨት ይገኛል። በድሮው መንገድ ለማክሰል የምታስቡ ከሆነ ግን እንጨቱን አድርቃችሁ ማንደዱ ይሻላል።

ባዮቻርም ከከሰል ብዙ አይለይም፤ ኦክስጅን በሌለበት ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይሠራል። ልዩነቱ አይነድም፣ አፈር ውስጥ ይገባል። ካርቦኑ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አማዞን ውስጥ የጥንት ሰዎች የተዉት ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር አፈር እስካሁን ለም ነው። ለአሲዳማና ለአሸዋማ አፈር ይጠቅማል፣ ለም አፈር ላይ ግን ለውጡ ብዙም ላይታይ ይችላል። ደረቁን አትበትኑት። መጀመሪያ ከኮምፖስት ወይም ከፍግ ጋር ይቆይ፤ አለበለዚያ ያለውን ማዳበሪያ ራሱ ይመጠዋል።

ሰጋቱራና ቺፕ አፈር ላይ ቢበተን ናይትሮጅን አይሻማም?

ከላይ ከተነጠፈ እምብዛም። ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ አዎ፤ እንጨቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ፍጥረታት የአፈሩን ናይትሮጅን ከእጽዋቱ ይሻማሉ። እንጨት ውስጥ ለአንድ ናይትሮጅን ካርቦኑ በመቶዎች ነው፤ ጥሩ ኮምፖስት ግን ሲጀመር ከ25 እስከ 30 ለአንድ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ኮምፖስት ስትጨምሩት ፍግ ወይም እርጥብ ሣር አብዝታችሁ ይሁን።

እንጉዳይ ይበቅልበታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ከሁሉም ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ሺታኬ ለሚባለው እንጉዳይ ከጤነኛ ዛፍ በቅርቡ የተቆረጠ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረትና አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ግንድ ይበቃል። ኦክና መሰሎቹ ጥሩ ናቸው፤ ጥድ አይሆንም። ግንዱ ይበሳል፣ ዘሩ ይገባበታል፣ ቀዳዳው በሰም ይደፈናል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ለተወሰኑ ዓመታት ይሰጣችኋል። ሲያልቅ ግንዱ ወደ አፈር ይመለሳል።

ጉቶውንስ ነቅዬ ላውጣው?

ተዉት። መንቀሉ አፈሩን ይገለባብጠዋል፣ ጉቶውም ድንጋይና አፈር ይዞ ይመጣል፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ አፈሩን ጠፍንጎ የያዘው እሱ ነው። በሥር የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንጨት ማንደድ ካርቦን አይጨምርም ይላሉ። ልመን?

በግማሽ። ጭሱ ሲወጣ ያው ካርቦን ነው፤ እንደውም ለተመሳሳይ ሙቀት ከጋዝ የበለጠ ይወጣል። ዜሮ ነው የሚባለው በአገሮች የልቀት ሒሳብ ላይ የኃይል ዘርፉ ስለማይቆጥረው ነው። የሚቆጠረው ዛፉ ሲቆረጥ በመሬት አጠቃቀም ዘርፍ ነው። ለተረፈ እንጨት ዋናው ጥያቄ «ባይነድ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ መሬት ላይ ቢቀርም በጥቂት ዓመታት በስብሶ አብዛኛው ካርቦኑ ወደ አየር ይመለሳል። እዚያው በክምር ይነድ ከነበረ ደግሞ ሙቀቱን መጠቀሙ ግልጽ ትርፍ ነው። ጉቶና ወፍራም ግንድ ግን ለመበስበስ አሥርተ ዓመታት ይፈልጋሉ፤ እነሱን ማንደድ በዚያው ልክ ለረጅም ጊዜ የካርቦን ዕዳ ውስጥ ይከታል። የቆመ ጤነኛ ዛፍ ቆርጦ «ተረፈ ምርት ነው» ብሎ ማንደድማ ማጭበርበር ነው።

አደጋ አለው?

አለው፣ ሰውም ይንቀዋል። እርጥብ የቺፕ ክምር ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ ሙቀት ስለሚፈጥሩ ክብሪት ሳይነካው ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ክምሩን ዝቅ አድርጉት፣ አትረጋግጡት፣ ሰጋቱራ አትደባልቁበት፣ ለወራትም አታቆዩት። ፔሌት የተከማቸበት ዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራቀማል፤ ሰው የሞተባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ሳታናፍሱ አትግቡ። ደረቅ የእንጨት ብናኝም ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሁለት መሰንጠቂያዎች በወራት ልዩነት ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል።

አመዱን የት ላድርሰው?

ወደመጣበት ደን። ካልሲየሙ፣ ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ አለ፤ የሌለው ናይትሮጅኑ ነው። ስዊድን ውስጥ ቅርንጫፍ የተነሳበት ደን ላይ አመድ መመለስ ይመከራል። ግን ትኩስ ዱቄቱ ኃይለኛ ስለሆነ እጽዋት ያቃጥላል፤ በውሃ ርሶ ከጠጠረ በኋላ ስስ ተደርጎ ይበተን። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የተነከረ እንጨት አመድ ግን በፍጹም።

ከመጀመሪያው ብዙ እንዳይተርፍ ማድረግ አይቻልም?

ይቻላል፣ ይህን ጥያቄ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። ዛፉን ወደ መሬት ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ ከፍ ብሎ የሚቀረው ጉቶ የዛፉ ወፍራሙና ምርጡ ክፍል ነው። የሚወድቅበትን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ድንጋይ ላይ ወይም ሌላ ዛፍ ላይ የወደቀ ግንድ ይሰነጠቃል። ርዝመቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ገዢው የሚፈልገውን ልክ ጠይቁ።

ሲሰነጠቅ ደግሞ የምላጩ ውፍረት ይታይ። ሞተር መጋዝ በአንድ ቅደት 8 ሚሊሜትር ገደማ ሰጋቱራ ያደርጋል። የባንድ መጋዝ ምላጭ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚበላው። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ የምታወጡ ከሆነ በሞተር መጋዝ ሦስት ጣውላ ባወጣችሁ ቁጥር አንድ ጣውላ የሚያህል እንጨት ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል። በባንድ መጋዝ ግን ያን ያህል ለመጥፋት ወደ አሥር ጣውላ መውጣት አለበት።